«ቡሬ ምን አለ?»
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አባላት በጋራ ያቀረብነው ንግግር

 

የቁጠባውንና የብድሩን ነገር ገንዘብ ያዣችን ነግራችኋለች። እኛ የምንነግራችሁ ስለ መብልና ስለ እንግዳ ነው። አትሳቁብን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ልጅ የምናሳድገው እንጀራ ጋግረን፣ ጠላ ጠምቀን፣ በርበሬ ደልዘን፣ ቡና አፍልተን ነው። እንግዳ ቡሬ መጥቶ የት እንደሚበላና ምን እንደሚያይ መናገር ለእኛ የጨዋታ ወሬ አይደለም፤ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ካቻምና ሁለት ደጋፊዎቻችን ከአዲስ አበባ ሊጎበኙን መጡ። ሥራችንን አይተው፣ መዝገባችንን አገላብጠው ሲጨርሱ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አንደኛዋ እህት «እንግዲህ ቡሬ ምን አለ? ምን እንይ?» ብላ ጠየቀችን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዷ «ኧረ ምን አለ ብለሽ ነው እታለም!» አለች። ሌሎቻችንም ዝም አልን። እንግዶቹ ተሰናብተውን መኪናቸው ውስጥ ገቡና ባሕር ዳር ሄደው አደሩ። እራታቸውን እዚያ በሉ፣ አልጋ እዚያ ያዙ። ኋላ ደውለው በሰላም መግባታቸውን ሲነግሩን «ደግሞም የሚያምር ጋቢ ገዛን» አሉን። ያቺ «ምን አለ» ያለችው እህታችን ቤት ውስጥ፣ ራሷ የፈተለችው፣ ገዢ አጥቶ የተጠቀለለ ጋቢ ነበር።

ሌላም አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከውጭ አገር የመጣች አንዲት እህት አንዷ አባላችን ቤት ምሳ ተጋበዘች። አባላችን ዶሮ ገዛች፣ ቅቤ ገዛች፣ ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምራ ስታቁላላ ዋለች፤ 12ቱን ብልት ከነእንቁላሉ አቀረበች። እንግዳዋ በላች፣ አመሰገነች፣ ፎቶ አነሣች። «ልክፈል» ብላ ቦርሳዋን ስትከፍት አባላችን «ምን ዓይነት ነውር ነው!» ብላ እጇን መለሰቻት። እንግዳ ተቀብሎ ማስከፈል ነውር ነው ተብለን አድገናል። ነገር ግን የዶሮውና የቅቤው ገንዘብ ከማኅበራችን ሣጥን ለንግድ ተብሎ የተወሰደ ብድር ነበር። ያንን ከፍላ እስክትጨርስ ወራት ፈጀባት። እንግዳዋ ይህን አላወቀችም፤ ብታውቅ ኖሮ ጉርሻው በጉሮሮዋ ባልወረደላት። እኛም ያወቅነው ብድሩ ሲዘገይ ነው።

ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ስናስቀምጠው አፈርን። ያለንን «ምንም የለም» ብለን እናሳንሰዋለን፤ ወይም ያለንን ሁሉ በነጻ እንሰጠዋለን። በሁለቱም መንገድ እጃችን ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ቡና አፍልተን ተቀመጥንና «ቡሬ ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እናዘጋጅ አልን። ዛሬ የምናነብላችሁ ያንን ነው።

ስንመካከር ክርክር አልጠፋም። አንዲት እናታችን «እንግዳ አስከፍዬ በየትኛው ዓይኔ ሰው ላይ!» አሉ። ጎናቸው የተቀመጠችው ደግሞ «እማማ፣ ጠላ ሲሸጡ መንገደኛውን አያስከፍሉም?» አለቻቸው። «እሱማ ሥራዬ ነው» አሉ። «ዶሮውስ ሥራ አይደለም?» ስትላቸው ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። መጨረሻ ላይ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቡናው ግብዣችን ነው፤ ለቡና ማንም አይከፍልም። ምግቡ ግን ዋጋው አስቀድሞ ይነገራል፣ ይከፈላል። ገንዘቡን ያበሰለችው ትወስዳለች፤ ከላዩ ጥቂት ለማኅበሩ ሣጥን ታስገባለች። እንግድነቱም አልቀረ፣ ሥራውም አልቀረ።

እንግዲህ ወደ መንገዱ እንግባ። ከአዲስ አበባ ቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር ለሚመጣ 150 ያህል ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ደጀን ይገባል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቀጥሎ እኛ ነን። በማለዳ ከተነሣችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በልታችሁ፣ እግራችሁን አፍታታችሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርሳላችሁ።

አንድ ነገር ልንደብቃችሁ አንፈልግም። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገዳችን የሚዘጋበት ቀን በዝቷል። መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው የእኛ ምጣድ ነው፤ አላፊ አግዳሚ ከሌለ በላተኛ የለም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉልን። «አትምጡ» ካልናችሁ አትምጡ፤ የምንለው ስለምንወዳችሁ ነው። «ኑ» ካልናችሁ ደግሞ አትፍሩ፣ ኑ። በሌሊት ግን አትጓዙ።

ቡሬ የመንታ መንገድ ከተማ ናት። አንዱ መንገድ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ሌላው አባይን ተሻግሮ ወለጋ፣ ነቀምት ይገባል። የጭነት መኪና ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ አውቶቡስ የሚጠብቀውም እዚህ ያርፋል። ከተማችንም መንገደኛ ማብላት የምታውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው አካባቢ ብትወጡ ሻይ የሚፈላው፣ ፍርፍሩ የሚሠራው፣ ቅቤ የጠገበ ቂንጬ የሚቀርበው ገና ሳይነጋ ነው። ያንን ቁርስ የምታዘጋጀው ሴት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሣች ናት። ስትበሉ አስታውሷት።

የት እንብላ ለምትሉ፣ ቤቱ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው መንገድ ዳር ያለው ሆቴል ነው። ጥብሱ ቶሎ ይደርሳል፣ ለስላሳው ቀዝቃዛ ነው፣ መጸዳጃ ቤትና አልጋ አለ። ደክሟችሁ ከመጣችሁ፣ ልጅ ከያዛችሁ እዚያ ግቡ። ክፉ ነገር አንናገርም፤ ከአባሎቻችን እዚያ እንጀራ የሚያቀርቡ አሉ።

ሁለተኛው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ያለው ትንሹ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቷ ራሷ ወጥ ቤት ውስጥ ናት፣ ልጇ ታስተናግዳለች። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ከመጣችሁ በየዓይነቱ እዚህ ብሉ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ ሁሉም የአገራችን ነው። በፍስክ ቀን ደግሞ ቅቤ የገባበት ተጋቢኖ እየተንተከተከ ይመጣላችኋል። ቤት ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ፦ የእጅ መታጠቢያው ውኃና ሳሙና አለው ወይ? በምሳ ሰዓት የአገሩ ሰው ይበላበታል ወይ? ሁለቱ ካለ ግቡ።

እንጀራው ጠቆር ብሎ ቢመጣላችሁ ቅር አይበላችሁ። ዳጉሳ የተቀላቀለበት ይሆናል። ጤፍ በተወደደ ቁጥር ዳጉሳና በቆሎ ነው ቤታችንን የያዘው። «ንጹሕ ጤፍ ነው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ እውነቱን እንነግራችኋለን፤ ይህንንም በስብሰባችን ተስማምተንበታል። ድብልቁን በድብልቅ ዋጋ፣ ጤፉን በጤፍ ዋጋ።

ሦስተኛው የአባሎቻችን ቤት ነው። እዚህ ድንገት አይመጣም፤ ዶሮ ወጥ የሚፈልግ ከአንድ ቀን በፊት ይንገረን። ዶሮ መግዛት፣ ማረድ፣ ብልት ማውጣት፣ በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ማጠብ፣ ሽንኩርት ማቁላላት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጾም ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩን፤ እናንተ የማትጾሙ ብትሆኑም በጾም ቀን ሥጋ አብስሉ ብላችሁ አታስጨንቁን። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ከመጣችሁ የበቆሎ እሸት በከሰል ጠብሰን እንሰጣችኋለን፤ አገራችን የበቆሎ አገር ናትና እሸቱን እዚህ ያልበላ በላሁ አይበል።

ጠላ ለሚፈልግ፣ ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ቤት ጠላ ቤት ነው። የዳጉሳ ጠላ ጌሾው ሲያዝ፣ ብቅሉ ሲበስል ደስ ይላል። ስለ አረቄ ግን በግልጽ እንናገር። ከመካከላችን አረቄ አውጥተው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ አሉ። ከመካከላችን ደግሞ ባላቸውን አረቄ የነጠቃቸው አሉ። ሁለቱም እዚሁ አንድ ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለዚህ እንግዳችሁን አረቄ ጋብዙ ብለን አንመክርም። አረቄ የምታወጣዋን እህታችንንም አናወግዝም፤ ሌላ ሥራ እንድትይዝ ብድር ስትጠይቀን ግን ቅድሚያ እንሰጣታለን።

አሁን የሚታየውን እንናገር። መጀመሪያ ገበያውን እዩ። የገበያውን ቀን ስትደውሉ እንነግራችኋለን፤ በዚያ ቀን መምጣት ይሻላል። ከገጠሩ አህያ የጫነ፣ በራሱ የተሸከመ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ ሁሉ ይገባል። ከሁሉ በላይ የበርበሬውን ረድፍ ተመልከቱ። የእኛ አገር በርበሬ በአገሩ የታወቀ ነው፤ ከኅዳር በኋላ አዲሱ ሲገባ ገበያው ቀይ ይሆናል። በርበሬ የምትገዙ ከሆነ ዛላውን ግዙ፤ ቀለሙ የደመቀ፣ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ፣ እርጥበት የሌለው ይሁን። የተፈጨውን ከማታውቁት ሰው አትግዙ። እኛ ቀንጥሰን፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላው፣ ከኮረሪማው ጋር ደልዘን፣ አድርቀን፣ ዓይናችሁ እያየ እናስፈጭላችኋለን። ማር ስትገዙም ከነሰፈፉ ግዙ። መች ካበበ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ይጣፍጣል።

ሁለተኛ፣ የሴቶችን እጅ ሥራ እዩ። ጥጥ የምትፈትለውን፣ ስፌት የምትሰፋውን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አጫውቷት። እንዝርቱን ያዙና ሞክሩት፤ ፈትሉ ሲበጠስባችሁ ጋቢ ለምን ያን ያህል እንደሚያወጣ ያን ጊዜ ትረዳላችሁ፤ ዋጋም አትከራከሩም።

ሦስተኛ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩን ነገር ሳትሰሙ አትቀሩም። በአገራችን በመጀመሪያው ዙር ከተጀመሩት አራት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ የቡሬው ነው፤ ሌሎቹ በይርጋለም፣ በቡልቡላና በባእከር ናቸው። ያለ ፈቃድ ስለማይገባ ለጉብኝት አንወስዳችሁም። ግን ከደጁ ውጭ ያለውን ኑሮ እዩ። ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ይከራያል፣ እንጀራ ይገዛል። ከአባሎቻችን ምጣድ ጨምራ ሁለተኛ ልጅ ቀጥራ የምትጋግር አለች፤ የቤት ኪራይ ተወዶባት ወደ ከተማው ዳር የወጣችም አለች። ልማት ሲባል ሁለቱንም እዩልን።

ቡሬ ታሪክም አላት። በ1933 ዓ.ም አርበኛውና የእንግሊዝ መኮንኖች የመሩት ጦር ከበላያ በኩል ሲገፋ፣ ጣሊያን እዚህ የነበረውን ምሽጉን በየካቲት መጨረሻ ለቆ ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚሁ መንገድ አልፈው በመጋቢት ወር ማብቂያ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። መጻሕፍቱ የጦር አለቆችን ስም ጽፈዋል። ያ ሁሉ ሠራዊት ስንቅ ይበላ ነበር። ያንን ስንቅ ማን ፈጨው፣ ማን ጋገረው ብለን እኛ እንጠይቃለን። የአያቶቻችን ስም አልተጻፈም፤ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ቆሎውን ግን አሁንም እናውቀዋለን። ስትመጡ በሶ በማር እንበጠብጥላችኋለን፤ ያን ጊዜ የነበረው ጣዕም ይህ ነው።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ወደ ግሽ አባይ ሂዱ። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ቲሊሊ ላይ ታጥፋችሁ ሰከላ ትወጣላችሁ። አገሩ ደጋ ነው፣ ብርድ አለ፤ ጋቢ ያዙ። አባይ የሚነሣባት ምንጭ እዚያ ናት፤ ውኃዋ ግልገል አባይ ሆኖ ጣና ይገባል። እዚያ ያለው ጸበል ነው፤ የሚቀርበውም ምንም ያልቀመሰ ሰው ነው። ስለዚህ በዚያን ቀን ቁርስ አትብሉ። ስንቃችሁን አስረን እንሰጣችኋለን፤ ተሳልማችሁ ስትመለሱ ትበላላችሁ። ሴቶች ነጠላ እንልበስ፣ ወንዶች ጫማችሁን አውልቁ ሲባል አውልቁ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የእስፓኝ ቄስ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ተጓዥ በ1770 እ.ኤ.አ. ይችን ምንጭ አየን ብለው ጽፈው ስማቸው በዓለም ተጠራ። የሰከላ ሰው ግን ከእነሱ በፊት በዚያ ይጸበል ነበር። ያለንን ነገር ሌላ እስኪነግረን መጠበቅ የለብንም የምንለው ለዚህ ነው።

በዋናው መንገድ ወደ እንጅባራ ከቀጠላችሁ፣ ከተማው ከመድረሳችሁ በፊት ከመንገዱ ሳትርቁ ዘንገና ሐይቅን ታገኛላችሁ። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ክብ፣ በዛፍ የተከበበ፣ እጅግ ጥልቅ ሐይቅ ነው። ዳር ሆኖ ማየት ይበቃል፤ አትዋኙ። ጥር 23 አካባቢ ከመጣችሁ ደግሞ ጎረቤቶቻችን አዊዎች እንጅባራ ላይ የፈረስ በዓላቸውን ያከብራሉ። የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ያየ ሰው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሩ ይሰማዋል።

ለእናንተ ለደጋፊዎቻችን ጥቂት ልመና አለን። ስትመጡ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ሪፖርት አይቶ መሄድ እኛን ማየት አይደለም። የተነገራችሁን ዋጋ ክፈሉ፤ አታብዙ፣ አታሳንሱ። ብታበዙ በሚቀጥለው የሚመጣው እንግዳ ላይ ዋጋ እናንራለን፣ ብታሳንሱ እንጎዳለን። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጭስ ውስጥ ሆና፣ ቀሚሷ በሊጥ ተለውሶ መታየት የማትወድ አለች። ምግባችን ላይ የጎደለ ካያችሁ ደግሞ ለእኛው ንገሩን፤ ለይሉኝታ ብላችሁ «ጥሩ ነው» ብትሉን የምንማረው ነገር የለም።

ለእናንተ ለእህቶቻችን ለአባላት ደግሞ እንዲህ እንላለን። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ፤ ከበላ በኋላ መጠየቅ ነው ነውሩ። የሚጠጣውን ውኃ አፍሉ። ለግብዣ ብላችሁ የንግድ ብድር አትንኩ። ልጆቻችን እንግዳ ተከትለው እንዳይለምኑ አስተምሩ። ከሁሉም በላይ «ምንም የለም» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣው።

ያቺ ጋቢዋን ጠቅልላ ያስቀመጠችው እህታችን ዛሬ እዚህ አለች፤ ስሟን አንጠራም፣ ራሷ እየሳቀች ነው። ባለፈው ወር አንዲት እንግዳ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት፦ «ቡሬ ምን አለ?» «ስንት ቀን ይዘሽ መጣሽ?» አለቻት። «አንድ ቀን» ስትላት፣ «አይበቃሽም» አለቻት።

እንግዲህ ኑ፤ ቡናው ተቀምጧል። አገራችንን ሰላም፣ መንገዳችንን ክፍት ያድርግልን። ቸር ያሰንብተን።